ለኅዳር 12 የተጠራ እንግዳ በኅዳር 13 ቲኬት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ሦስት ጥያቄዎች ከመሐል አዲስ አበባ የደረሱን ሲሆኑ፣ ሁሉም የዝግጅት ቀንና ቲኬት በኢንተርኔት ሶፍትዌር ስለማስተዳደር የሚጠይቁ ናቸው።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አካባቢ የምንኖር ጥቂት ጓደኞች ወር በገባ በ12ኛው ቀን፣ ፒያሳ በተከራየነው አዳራሽ የግጥምና የበገና ምሽት እናዘጋጃለን። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ቲኬቱን በኢንተርኔት ስንሸጥ፣ ሶፍትዌሩ ላይ «በየወሩ ይደገም» የሚለውን መርጠን ነበር። የመስከረምና የጥቅምት ቲኬቶች በትክክል ወጡ፤ የኅዳሩ ግን በ12 ፈንታ ኅዳር 13 የሚል ቀን ይዞ ታተመ። በዚያ ላይ ዝግጅቱ የሚጀምረው ከምሽቱ 12 ሰዓት ሆኖ ሳለ ጥቂት ሰዎች እኩለ ቀን ላይ መጥተው በሩን ዝግ አገኙት። ሶፍትዌሩ ተበላሽቶ ነው? ወይስ ወደ ወረቀት ቲኬት ብንመለስ ይሻላል?

መልስ፦ ሶፍትዌሩ አልተበላሸም፤ የታዘዘውን ነው የፈጸመው። እናንተ ያዘዛችሁት የእኛን ወር አስባችሁ ሲሆን እሱ የቆጠረው ግን በፈረንጆቹ ወር ነው። መስከረም 12 ቀን 2018 ዓ.ም. በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 22 ቀን 2025 ስለነበረ «በየወሩ በ22ኛው ቀን» ብሎ ያዘው። ጥቅምት 12ም ኦክቶበር 22 ላይ ስለዋለ ስሕተቱ ሳይታወቅ አለፈ። ነገር ግን ኦክቶበር 31 ቀን ሲኖረው የእኛ ወር ከጳጉሜን በቀር ምንጊዜም 30 ቀን በመሆኑ ኅዳር 12 ወደ ኖቬምበር 21 መጣ፤ ሶፍትዌሩ 22ን እንደያዘ ስለቀረ የኅዳር 13 ቲኬት አወጣላችሁ። ባትነቁበት ኖሮ ጥር ላይ ልዩነቱ ሁለት ቀን ይሆን ነበር። ጳጉሜን ስትመጣ ደግሞ ከነሐሴ 12 እስከ መስከረም 12 ያለው ጊዜ 35 ቀን፣ ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት 36 ቀን ነውና ይህን በማደጋገሚያው ቁልፍ ማስተካከል አይቻልም። በተለይ ኅዳር 12 ከተማው ሁሉ የሚያውቀው፣ ቆሻሻ ከየደጁ ተጠርጎ የሚቃጠልበትና ጭሱ ከየሰፈሩ የሚነሣበት ቀን ስለሆነ፣ እንግዳችሁ ቲኬቱ ላይ ከታተመው ይልቅ በልቡ የያዘውን ቀን አምኖ ቢመጣ አይፈረድበትም።

ስለዚህ ማደጋገሚያውን ተዉት። የዓመቱን ቀኖች በሙሉ በሁለቱም አቆጣጠር ወረቀት ላይ ጻፉና፣ የመጀመሪያውን ዝግጅት እየገለበጣችሁ የእያንዳንዱን ወር ቀን በእጃችሁ አስገቡ። ለሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ይህን ያዙ፦ በ2019 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለምትሆን የ2020 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ የሚውለው ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው፤ ከዚያ ጀምሮ እስከ ፌብሩዋሪ 2028 መጨረሻ ድረስ ቀኖቹ ሁሉ በአንድ ቀን ስለሚገፉ የዘንድሮውን ሠንጠረዥ እንዳለ ልትጠቀሙበት አትችሉም።

ከቀኑ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የሰዓቱ ነገር ነው። አንድ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ እኔው ራሴ ቲኬቱን ባዘጋጀሁለት ዝግጅት አዳራሽ በር ላይ ቆሜ ወንበር ሲገባ እያየሁ፣ ነጭ ነጠላ የለበሱ እናት የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው መጡ። ከቃሊቲ ሁለት ታክሲ ይዘው ነው የደረሱት። መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልካቸውን ከጉያቸው አውጥተው ቲኬቱን አሳዩኝ፤ «6:00 ፒኤም» ይላል፣ ያውም በእንግሊዝኛ ፊደል። ስድስትን አይተው በስድስት ሰዓት መጡ። ጥበቃው ወንበር አወጣላቸው፤ ሕፃኗን ይዘው ሌላ ስድስት ሰዓት መቆየት ስላልቻሉ ግን ጥቂት ዐርፈው ተመለሱ። ከዚያ ቀን ወዲህ «ፒኤም» የሚል ቲኬት አውጥቼ አላውቅም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። በሶፍትዌሩ ማስተካከያ ውስጥ ሰዓቱ በ24 እንዲቆጠር አድርጉ፤ በእኛ አቆጣጠር ከ12 የሚበልጥ ሰዓት ስለሌለ 18:00ን ያየ ሰው የፈረንጅ ሰዓት መሆኑን ወዲያው ይረዳል። ቀጥሎም ገዢው ሊያነበው በሚችለው ቦታ ሁሉ፣ ማለትም በዝግጅቱ ርእስ ሥር፣ ቲኬቱ ላይና በማስታወሻ መልእክቱ ውስጥ፣ «አርብ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ከምሽቱ 12 ሰዓት» ብላችሁ በሙሉ ቃል ጻፉ። የሳምንቱ ቀን መጠቀሱ ትልቅ ዋጋ አለው፤ ቁጥሩ ቢሳሳት እንኳ አንባቢው «አርብ ነው ወይስ ቅዳሜ?» ብሎ ይጠይቃል።

ሁለት ነገሮች ደግሞ ፈትሹ። የመጀመሪያው የሰዓት ሰቁ፣ ማለትም ሶፍትዌሩ የየትኛውን ቦታ ሰዓት እንደሚከተል ነው፤ ሶፍትዌሩ ሲከፈት በራሱ የኒው ዮርክን ሰዓት ይዞ ከሆነ፣ እነሱ በማርችና በኖቬምበር ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ ከእኛ ጋር ያላቸው ልዩነት አንዴ ሰባት፣ አንዴ ስምንት ሰዓት እየሆነ ያስቸግራችኋል። የአዲስ አበባን ምረጡ፤ የእኛ ዓመቱን ሙሉ አይለወጥም። ሁለተኛው ሌሊቱ ነው። እኛ ሌሊት 7 ሰዓትን «ለቅዳሜ አጥቢያ» እያልን ገና ከአርብ ምሽት ጋር አያይዘን እናስባለን፤ ለሶፍትዌሩ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ቀኑ ተለውጧል። እስከ ሌሊት የሚዘልቅ ዝግጅት ካላችሁ የማብቂያውን ቀን በአንድ ማሳደግ አትርሱ፤ አለበለዚያ ማብቂያው ከመጀመሪያው ቀድሞ ይገኛል።

ጥያቄ፦ ፒያሳ የምንሠራ አነስተኛ የቴአትር ቡድን ነን፤ አዳራሻችን 150 ወንበር አለው። ቲኬት የምንሸጠው በሶፍትዌሩ፣ በቴሌብር ከፍሎ ስክሪንሾት ለሚልክልን ሰው በእጃችን፣ እንዲሁም በአንድ መጻሕፍት መደብር በወረቀት ነው። ባለፈው ቅዳሜ 169 ሰው መጣ። ይባስ ብሎ በር ላይ ኔትወርክ ጠፋ። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ወንበር የሚቆጠርበት ቦታ አንድ ብቻ ይሁን። እናንተ ዘንድ ሦስት ቆጣሪ አለ፤ ሦስቱም እውነቱን ይናገራሉ፣ አንዱ ግን የሌላውን አያውቅም። ሶፍትዌሩ «40 ቀርቷል» ሲል መደብሩ የሸጣቸውን አያይም።

የሶፍትዌሩን አሠራር ማወቅ እዚህ ይጠቅማል። አንድ ገዢ ወንበር ሲመርጥ ሶፍትዌሩ ያንን ወንበር ለተወሰኑ ደቂቃዎች፣ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15፣ ለሌላ እንዳይሸጥ ይይዝለታል። ክፍያው በዚያ ጊዜ ውስጥ ከተረጋገጠ ወንበሩ ይሸጣል፤ ካልተረጋገጠ ይለቀቃል። ስክሪንሾት ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ሥዕሉ ስልካችሁ ላይ ሲደርስ ወንበሩ ገና አልተያዘም፤ ሥዕሉም ለሁለት ጓደኛ ሊላክ፣ ቁጥሩም ሊለወጥ ይችላል። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በስልክ መክፈል ለከተማችን ሰው ልማድ ሆኗልና ክፍያውን መከልከል አይገባም፤ መለወጥ ያለበት ማረጋገጫው ነው። እንደ ቻፓ ያሉ የክፍያ አገናኝ ድርጅቶች ገንዘቡ መግባቱን በቀጥታ ለሶፍትዌሩ ስለሚያሳውቁ በመካከል የሰው ዓይን አያስፈልግም። ይህን እስክታደርጉ ድረስ፣ የግብይት ቁጥሩን በራሳችሁ ሒሳብ ውስጥ ሳታዩ ቲኬት አትላኩ፤ ያያችሁትንም ወዲያውኑ ሶፍትዌሩ ውስጥ እንደ ሽያጭ አስገቡት።

ለመጻሕፍት መደብሩ የሚሰጠው ቲኬት ከዚያው ከሶፍትዌሩ የታተመ፣ የራሱ ኪውአር ኮድ ያለው ይሁን። 30 ከሰጣችሁ 30ው ከኢንተርኔቱ ሽያጭ ላይ አስቀድሞ ይቀነስ፤ ያልተሸጠው ዋዜማውን ይመለስና ተመልሶ ይከፈት። የክብር እንግዶችም ወንበር ይይዛሉና ዋጋው ዜሮ የሆነ ቲኬት ይቆረጥላቸው። ክፍያው ዘግይቶ የሚረጋገጥበት ጊዜ ስለማይጠፋ ደግሞ አራት አምስት ወንበር ሳትሸጡ አቆዩ።

ኔትወርክ ቢጠፋ በሚል፣ ጠዋት ቤታችሁ ሳላችሁ የገዢዎቹን ዝርዝር የበሩ ሠራተኛ ስልክ ላይ አውርዱት፤ ብዙዎቹ የመፈተሻ መተግበሪያዎች ያለ ኢንተርኔት ኮዱን አንብበው መመዝገብ ይችላሉ። ይሁን እንጂ በሁለት በር ሁለት ስልክ ካላችሁና ኔትወርክ ከሌለ፣ አንዱ ስልክ ያስገባውን ሌላው ስለማያውቅ አንድ ቲኬት ሁለት ሰው ያስገባል። በዚያ ሰዓት አንዱን በር ዝጉት። ሰልፉ ቢረዝምም ይቅር፤ ገንዘቡን ከፍሎ መቀመጫ ያጣ ሰው ፊት ከመቆም ይሻላል። የገዢዎችን ስም በፊደል ተራ የያዘ አንድ የታተመ ወረቀትም ባትሪ ቢያልቅ ያድናችኋል።

ጥያቄ፦ የዝግጅታችንን ቀን በሁለት ሳምንት ለማስተላለፍ ተገደናል። 80 ቲኬት ተሽጧል። የቀድሞውን ሰርዘን አዲስ እንክፈት?

መልስ፦ አትሰርዙ። በብዙ ሶፍትዌሮች ዝግጅቱ ሲሰረዝ የ80ው ገዢዎች ኮድ አብሮ ይሞታል፤ እዚያው ዝግጅት ላይ ቀኑን ብቻ ከለወጣችሁ ግን በእጃቸው ያለው ቲኬት እንደጸና ይቆያል። የማስታወሻ መልእክቱ በቀድሞው ቀን ተይዞ እንደሆነ እሱንም አስተካክሉ። ኢሜይል የማይከፍት ብዙ ነውና ለሁሉም አጭር የጽሑፍ መልእክት ላኩ፤ አሮጌውንም አዲሱንም ቀን ከነሰዓቱ ጥቀሱ፣ መምጣት የማይችል ሰው እስከ መቼ ገንዘቡን መጠየቅ እንደሚችልም በቀን ወስኑ። የተመለሰው ወንበር ለሽያጭ መከፈት ያለበት ገንዘቡ ከተመለሰ በኋላ ነው።

አዲሱን ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ግን ከተማውን አስቡ። መስከረም 16 የደመራ ዕለት ወይም ታላቁ ሩጫ በሚካሄድበት የኅዳር እሑድ ጠዋት ወደ መስቀል አደባባይ የሚያስገቡ መንገዶች ስለሚዘጉ እንግዳችሁ ከቦሌ ፒያሳ መድረስ ይቸግረዋል። ኢድ አልፈጥር በጨረቃ መታየት የሚወሰን በመሆኑም በዚያ ሰሞን ዝግጅት ስታስቡ ሁለቱንም ሊሆኑ የሚችሉ ቀኖች ክፍት አድርጋችሁ ለአዳራሹ ባለቤት ከወዲሁ ንገሩ።