ፈረሶቹ የት ገቡ?

ጥያቄ

ሰላም ጋሼ። የምኖረው እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ነው። የ1971 ቮልስ አለችኝ፣ 1302 ኤስ የሚሏት፣ ሞተሯ 1600። ብርዱን ሙሉ ቤቴ ጋራዥ ውስጥ ራሴ ፈትቼ ገጠምኩት። ፒስተኑ፣ ፋሻው፣ ኩሽኔታው ሁሉም አዲስ ነው። ካርቡሬተሩ (አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው) ግን ከአባቴ ቮልስ የወጣ ነው፤ አዲስ አበባ 20 ዓመት ሠርቷል፣ ወንድሜ በሻንጣ ይዞልኝ መጣ። 700 ኪሎ ሜትር ያህል ቀስ ብዬ ነዳሁና ባለፈው ሳምንት ዳይኖ፣ ማለትም የጉልበት መለኪያ ማሽን ላይ አወጣኋት። መጽሐፌ 60 የፈረስ ጉልበት ይላል፣ ማሽኑ 34 አለኝ! ባለሙያው «ቤንዚን አንሶታል» ብሎ 15.6 የሚል ቁጥር አሳየኝ፣ ወረፋ ስለነበረ ሸኘኝ። 26 ፈረስ የት ገባ? ሞተሩን እንደገና ልፍታው?

መልስ

ኧረ በማርያም አትፍታው! መጀመሪያ ሒሳቡን እንተሳሰብ፣ ምክንያቱም 26 ፈረስ አልጠፋብህም።

ያ መጽሐፍህ ለአሜሪካ ገበያ የታተመ ይመስለኛል። አሜሪካኖች በዚያ ዘመን ጉልበት የሚለኩት ሞተሩን ብቻውን መሬት ላይ አቁመው፣ ጉልበት የሚበላበትን ነገር አራቁተው ነበር። በዚያ አለካክ 60 ወጣ። ጀርመኖቹ ያንኑ 1600 ሞተር መኪና ላይ እንዳለ አድርገው ሲለኩት በደቂቃ በ4000 ዙር 50 ብለው ጻፉ። ሞተሩ አንድ ነው፣ ሜትሩ ነው የተለያየው። ስለዚህ አስሩ ፈረስ መጀመሪያም አልነበረም።

ዳይኖው ደግሞ ሞተርህን አላየውም፣ ያየው ጎማህን ነው። እዚህ አገር ቤት ያላችሁ አንባቢዎች ለዓመታዊ ምርመራ ስትሄዱ ፍሬን የሚለካበትን ሮለር ታውቁታላችሁ፤ ዘመዱ ነው፣ ግን ሥራው ተቃራኒ ነው። በዚያኛው ሮለሩ ጎማውን ያዞራል፣ ፍሬኑ ይይዛል። በዳይኖ ጎማው ሮለሩን ያዞራል፣ ማሽኑ እየታገለ ስንት ጉልበት እንደመጣለት ይመዘግባል። ከሞተር እስከ ጎማ ባለው መንገድ ካምቢዮውም፣ ጎማው ራሱም ድርሻቸውን ይበላሉ። ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይሄዳል። 50 ፈረስ ያለው ጤነኛ ሞተር ጎማ ላይ ከ40 እስከ 42 ቢሰጥህ ደስ ይበልህ። በል እንግዲህ፣ የምንፈልገው ከስድስት እስከ ስምንት ፈረስ ብቻ ነው።

እሱንም ባለሙያው ነግሮሃል፣ አልሰማኸውም እንጂ። 15.6 ማለት ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 15.6 ኪሎ አየር እየገባ ነው ማለት ነው። በኬሚስትሪ ልኩ 14.7 ነው። ፔዳሉን እስከ ወለል ረግጠህ ጉልበት ስትፈልግ ግን ከ12.5 እስከ 13 መሆን አለበት። ያንተ ሞተር እየተራበ ነው የሮጠው። ቮልስ ደግሞ ውሃ የላትም፣ የምትበርደው በአየርና በዘይት ነው፤ ቤንዚን አንሷት ረጅም ዳገት ብትወጣ ቴስታታዋ (የሞተሩ ራስ) ይጋላል። እስኪስተካከል ድረስ አውራ ጎዳና ላይ አትልቀቃት።

አሁን ወደዚያች ከሻንጣ ወደወጣችው ካርቡሬተር እንምጣ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። አየሩ ከባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። አየር ሲያንስ ቤንዚንም መቀነስ አለበት፣ አለበለዚያ መኪናው ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ስለዚህ ከዓመታት በፊት አንድ ጎበዝ መካኒክ የአባትህን ካርቡሬተር ከፍቶ ቤንዚን የምታልፍባትን ያቺን ትንሽ የነሐስ ቀዳዳ፣ ዋናዋን ጄት፣ በጠበበች ቀይሯት ይሆናል። ለአዲስ አበባ ትክክል ሠራ። በርሚንግሃም ግን አየሩ ወፍራም ነው፣ ያቺ ጠባብ ጄት ቤንዚን ታሳንሳለች። ጄቷን ፍታና ፊቷ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በማጉያ መነጽር አንብብ፤ 120 ካለ ወደ 1.2 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ቀዳዳ ማለት ነው። 125፣ 127.5፣ 130 ገዝተህ በኪስህ ይዘህ ወደ ዳይኖው ተመለስ። ዋጋቸው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ግን ጄት ከመቀየርህ በፊት ሌላ ነገር እይ። 20 ዓመት የሠራ ካርቡሬተር ጋዝ ስትሰጥ የሚዞረው ዘንግ መቀመጫው ይበላል። በሁለት ጣት ያዘውና ወደ ላይ ወደ ታች ነቅንቀው። ከተንቀጫቀጨ በዚያ በኩል አየር ይሰርቃል፣ ጄት ብትቀያይር ትደክማለህ እንጂ አይስተካከልም። ማኒፎልዱ (ድብልቁን ወደ ሞተሩ የሚወስደው ቱቦ) ላይ ያሉትን ሁለት ጎማ ማያያዣዎችም እንዲሁ። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ በእጅ መርጫ ውሃ ነፋ ነፋ አድርግባቸው፤ ድምፁ ከተለወጠ ሌባው እዚያ ነው።

ዳይኖ ላይ ስትመለስ ባለሙያውን ቁጥሩን ሳይሆን ጉልበቱና ቤንዚኑ በየዙሩ የተሣሉበትን መስመር አሳየኝ በለው። እኔን ብትጠይቀኝ የመጨረሻው ቁጥር ለቡና ወሬ ነው። መስመሩ ግን ይናገራል፦ ከ2000 ዙር ጀምሮ የቤንዚኑ መጠን ካነሰ ጄቷ ናት ወይም አየር የሚሰርቅ ቦታ አለ፤ እስከ 3500 ደህና ሆኖ ከዚያ በኋላ በድንገት ካነሰ ደግሞ የነዳጅ ፓምፑን ወይም ማጣሪያውን ጠርጥር። እሳቱንም፣ ማለትም ካንዴላው የሚተኩስበትን ጊዜ፣ በዚያው ያስተካክልልህ፣ የቫኪዩም ቱቦው ተነቅሎ 3500 ዙር ላይ ከ28 እስከ 32 ዲግሪ ይሁን። ከዚያ በፊት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የቫልቭ ክፍተቱን 0.15 ሚሊ ሜትር አድርገህ ሂድ። የዘይቱ ሙቀት 110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ «ይበቃል» በል። ደንበኛው አንተ ነህ፣ አትፈር።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ራሴ አይቼዋለሁ። ጀርመን ስሠራ በነበረበት ዘመን አንዲት ቮልስ ሮለር ላይ እያለች ካርቡሬተሩ ላይ የተሰካችው የነሐስ ቱቦ ከነቤንዚን ጎማዋ ወልቃ ወጣች። ቱቦዋ ተገፍታ ብቻ ነው የምትገባው፣ ጥርስ የላትም፣ ስታረጅ ትላላለች። ቤንዚኑ የጋለ ሞተር ላይ ፈሰሰ። እሳት ማጥፊያው እጃችን ላይ ባይኖር ኖሮ ያቺ መኪና ዛሬ አመድ ናት። በጨርቅ የተሸፈነው አሮጌ የቤንዚን ጎማ ካለህ ዛሬውኑ ጣለው። እናንተ ዘንድ ከ2021 ወዲህ የሚሸጠው ተራ ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለበት፣ እሱ ደግሞ አሮጌ ጎማ ይበላል።

ጥያቄ

ጋሽዬ፣ እኔ ሽሮ ሜዳ ነኝ፣ አባቴ የተወልኝን ቮልስ በቅርቡ ሞተር አሳደስኩላት። ዳይኖ ከየት አመጣለሁ? መሻሻሏን በምን ልወቅ?

መልስ

እህቴ፣ ዳይኖሽ ደጃፍሽ ነው፣ እንጦጦ። ማለዳ መኪና ሳይበዛ አንድ የማይለወጥ ዳገት ምረጪ። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ከ40 እስከ 60 ለመድረስ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅባት አጠገብሽ የተቀመጠ ሰው በስልኩ ይያዝ፣ አንቺ አትንኪው። ሦስት ጊዜ ሞክሪና አማካዩን ጻፊ። ነዳጁም ሰዉም በሁለተኛው ቀን ያው ይሁን። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ቀይረሽ ድገሚው፤ ሁለት ነገር ባንዴ ከቀየርሽ የትኛው እንደሠራ አታውቂም። ሲበርድ ካንዴላ አስወጪና እዪ፦ የቡና ቀለም ከሆነ ደህና ነው፣ ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሷል፣ ጥላሸት ከሆነ በዝቷል። ስትወርጂ ደግሞ በማርሽ ያዢያት፣ በፍሬን ብቻ አትውረጂ።