የመስቀል ወፍ በጥር ወዴት ትሄዳለች?

ጥያቄ፦ የጎንደር፣ አዘዞ ነዋሪ ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በጓሮዬ በአሮጌ ሰፌድ ላይ የጤፍ ግርድ እየበተንሁ ወፎችን እመለከታለሁ። በመስከረም ከአጥሩ ማዶ ባለው ሣር ላይ ይታዩ የነበሩት ጥቁርና ቢጫ የመስቀል ወፎች ከኅዳር በኋላ ጠፍተው፣ አሁን የሚመጡት ሁሉ ቡናማ ድንቢጦች ሆነዋል። ወዴት ሄዱ? ደግሞም ከውኃው ገበቴ አጠገብ ሆዷ ቢጫ የሆነ፣ ጅራቷን ያለ ዕረፍት የምታወዛውዝ ቀጭን ወፍ አለች፤ እህሉን ግን አትነካም። ምን ትሆን?

መልስ፦ የመስቀል ወፎቹ አሁንም ከሰፌድዎ እየለቀሙ ሳይሆን አይቀርም። ሕዝባችን በዚህ ስም የሚጠራው አንድ ዓይነት ወፍ ብቻ አይደለም። እርስዎ ያዩት ጥቁርና ቢጫ ወንዱ ሲሆን፣ ይህን ጌጥ የሚለብሰው ሣሩ በሚረዝምበት በመራቢያው ወቅት ሴት ለመሳብና ክልሉን ለማስከበር ነው፤ ወቅቱ ሲያልፍ ላባውን ጥሎ እንደ ሴቷ ቡናማና ዥንጉርጉር ይሆናል። ሴቷማ በመስከረምም አጠገብዎ ነበረች፤ ዓይንዎን የሰረቀው ግን ወንዱ ነው።

ከድንቢጥ ለመለየት ጀርባቸውንና ደረታቸውን ልብ ብለው ይመልከቱ። ከቤት ጣሪያ ሥር የምትኖረው ድንቢጥ ራሷ ግራጫ፣ ከጅራቷ በላይ ያለው ላባዋ ቀላ ያለ ቡናማ ሲሆን ደረቷ ሰረዝ የለበትም። የመስቀል ወፉ ግን ጀርባው በጠቆሩ ሰረዞች የተሞላ ነው፤ ከዓይኑ በላይም ፈዘዝ ያለ መስመር አለው። ከሁሉ የሚሻለው ምልክት የሚታየው ሲለቅም ሳይሆን ሲነሣ ነው፤ ወንዱ ከጅራቱ በላይ ያለውን ቢጫ በበጋም አይጥለውምና፣ አንድ ጊዜ ቢያጨበጭቡ (ወፎቹ ቢቀየሙዎትም) ከቡናማዎቹ መካከል ቢጫው ብልጭ ሲል ያዩታል። ጅራተ ረጅሙን፣ ጥቁርና ነጩን ወፍ የሚያውቁት ከሆነም፣ እርሱ በበጋ ያን ጅራት ይጥላል፤ ቀይ መንቁሩ ግን ይቀራል።

ጅራቷን የምታወዛውዘው እንግዳ ናት። በአውሮፓና በእስያ ብርዱ ሲጠና ነፍሳት ስለሚጠፉ፣ እንደ እርሷ ያሉ ወፎች መስከረምና ጥቅምት አካባቢ ወደ እኛ መጥተው በመጋቢትና በሚያዝያ ይመለሳሉ። የምትበላው ነፍሳት ስለሆነ ግርዱን ብትንቀው አይግረምዎ፤ ወደ ጓሮዎ የሳባት ውኃው፣ በዙሪያውም የሚሰበሰቡት ዝንቦች ናቸው።

እንደ እኛ አስተያየት፣ አውድማው እህል በሚረግፍበት በጥር ወር ከግርዱ ይልቅ ውኃው ይበልጣል። ገበቴው ከጣት ጥልቀት ባይበልጥ፣ መካከሉ ላይ መቆሚያ ድንጋይ ቢኖረውና ውኃው በየዕለቱ ቢቀየር መልካም ነው። ቁጥቋጦ አጠገብ ግን አያስቀምጡት፤ የጎረቤት ድመት የምታደፍጠው እዚያ ነው።