ከብት በድርቅ ሲያልቅ ማን ይከፍላል? ጥያቄና መልስ

ስለ ከብት ካሳ ብዙ ጠይቃችኋል። አብዛኛው ጥያቄ የቦረናን የድርቅ መድን ስለሚመለከት እሱ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ቦረና ያሉ ዘመዶቼ ላሞቻቸው አለቁባቸው። መንግሥት ካሳ አይከፍልም እንዴ?

መልስ፦ የሞተውን ቆጥሮ የሚከፍል ቋሚ አሠራር እኛ ዘንድ የለም። ድርቅ ሲመጣ የሚደርሰው እርዳታ ነው። ወደ ካሳ የሚጠጋው መድኑ ነው። ኬንያ በ2010 ማርሳቢት ላይ ጀመረችው። ቦረና ላይ ደግሞ ኦሮሚያ ኢንሹራንስ በ2012 መሸጥ ጀመረ።

ጥያቄ፦ ላሜ መሞቷን በምን ላስረዳ? በፎቶ ነው በቀበሌ ደብዳቤ?

መልስ፦ በምንም። መድኑ የሚከፍለው ለላሟ ሳይሆን ለሳሩ ነው። ሳተላይት የአካባቢውን ልምላሜ ይለካል። ልምላሜው ካለፉት ዓመታት ጋር ሲተያይ ከተወሰነው መጠን በታች ከወረደ፣ እዚያ ውል ያለው ሁሉ ይከፈለዋል፤ ላሙ ብትሞትም ባትሞትም። በየበረቱ እየዞረ በድን የሚቆጥር ሰው ማሰማራት ወጪው አይቻልም። በበሽታ፣ በሌባ ወይም በጅብ የጠፋ ግን አይከፈልበትም።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ ከብቱ አለቀ፣ ሳተላይቱ ግን «ደህና ነው» አለ። ይሄ ማጭበርበር አይደለም?

መልስ፦ ማጭበርበር አይደለም፤ ቅሬታህ ግን እውነት ነው። ሳተላይቱ አረንጓዴ ያያል እንጂ የሚበላውን ከማይበላው አይለይም። የቦረናን ግጦሽ ደግሞ ቁጥቋጦ እየወረረው ነው። ግራሩ ሲለመልም ከላይ ሲታይ ጥጋብ ይመስላል፣ ከሥሩ ግን ላም የምትግጠው የለም። ግመልና ፍየል ቅጠሉን ቀንጥበው ይውላሉ፤ ላም ምን ትሁን? ሌላው ችግር፣ ልኬቱ የሰፊ አካባቢ አማካይ መሆኑ ነው። አንዱ ጥግ ዘንቦለት ሌላው ቢደርቅ፣ የደረቀበት ሰው ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል። ይሄ ከፊርማ በፊት በቋንቋው ቁጭ ብሎ ሊነገረው ይገባል። «ከብትህ ከሞተ ይከፈልሃል» ብሎ የሚሸጥ ወኪል መድኑን ራሱን ነው የሚገድለው።

ጥያቄ፦ መቼ ነው የሚገዛው?

መልስ፦ በዓመት ሁለቴ፣ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት። ሰማዩ ከከዳ በኋላ አይሸጥም።

ጥያቄ፦ እኔ ያለሁት አሜሪካ ነው። እዚህ ገበሬው እንዴት ነው የሚካሰው?

መልስ፦ እዚያ የፌዴራል መንግሥቱ ራሱ ይከፍላል። በበረዶ ውሽንፍር፣ በጎርፍ ወይም በመብረቅ ከተለመደው በላይ ከብት ከሞተ፣ የአማካይ ገበያ ዋጋውን 75 በመቶ ይሰጣል። ስንት ነበረ፣ ስንት ሞተ የሚለው ማስረጃ ይፈልጋል። የሚገርመው፣ ድርቅ ብቻውን እዚህ ውስጥ አይቆጠርም! ለድርቅ ሌላ ፕሮግራም አለ፤ እሱም የሚክሰው የጠፋውን ግጦሽ ነው። ሳሩ ጋ ስንደርስ ከቦረናው ብዙም አይርቅም።

ጥያቄ፦ አረቦኑን፣ ማለትም መድኑን ለመግዛት የምንከፍለውን ብር፣ መንግሥት ቢከፍልልንስ?

መልስ፦ ኬንያ ከ2015 ጀምሮ ሞክራዋለች። ለተመረጡ ድሃ ቤተሰቦች፣ ለእያንዳንዳቸው የ5 ላም ያህል ሽፋን መንግሥት ሙሉውን አረቦን ከፍሏል። በእኛም ሶማሌ ክልል በ2018 የዓለም ምግብ ፕሮግራም ከክልሉ መንግሥት ጋር ተመሳሳይ ነገር ጀምሯል። እኔ እደግፈዋለሁ፤ ግን ብሩ በጊዜ ከደረሰ ብቻ ነው። ላሟ በእግሯ ሳለች ከመጣ መኖ ይገዛል። ካለቀች በኋላ ለምትክ እንዳይበቃ፣ ያኔ የከብት ዋጋ ሰማይ ነው።