ከቫይታሚን ቢ5 ወደ ኮኤንዛይም ኤ፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ዛሬ ማታ የምመልሰው ስለ ኮኤንዛይም ኤ (ባጭሩ ኮኤ) ብቻ ነው፤ ሴል ውስጥ አሴቲል የተባለውን ትንሽ የካርቦን ቁራጭ የሚሸከም ረዳት ሞለኪውል ነው። አስቀድሜ ላስጠንቅቅ፦ ቢ5 (ፓንቶቴኒክ አሲድ) ጥሬ ዕቃ ነው እንጂ ኮኤንዛይሙ ራሱ አይደለም።

ተማሪ፦ መምህር፣ ቢ5 ኮኤንዛይም ኤ የሚሆንባቸው አምስቱ ደረጃዎች ይምታቱብኛል።

መልስ፦ አትሸምድደው፣ ወረቀት ላይ ሳለው። መጀመሪያ ፓንቶቴኔት ካይኔዝ የተባለው ኤንዛይም ከኤቲፒ (ከሴሉ ጉልበት ተሸካሚ ሞለኪውል) ፎስፌት ወስዶ ቫይታሚኑ ላይ ይለጥፋል። ፎስፌት የተለጠፈበት ሞለኪውል የሴሉን ሽፋን አልፎ መውጣት ስለሚከብደው ውስጥ ይቀራል። ቀጥሎ ሲስቴይን፣ ሰልፈር ያለው አሚኖ አሲድ፣ ይጨመርበታል። ሦስተኛው ኤንዛይም ከሲስቴይኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቆርጦ ይጥላል። ጫፉ ላይ የሚቀረውን ሰልፈር በቀይ አክብበው፤ አሴቲል የሚንጠለጠለው እዚያ ነው። አራተኛው ከኤቲፒ ኤኤምፒ የተባለውን ክፍል ያመጣል፤ አምስተኛው በኤኤምፒው ውስጥ ባለው ስኳር፣ በራይቦዙ ላይ አንድ ፎስፌት ይጨምራል። በሰው የመጨረሻዎቹን ሁለቱን የሚሠራው አንድ ፕሮቲን ነው።

ሌላ አባል፦ ቢ5 ክኒን ብወስድ ጉልበት ይጨምርልኛል?

መልስ፦ እጥረት ከሌለብህ አይጨምርም። አሴቲል ኮኤ ሲበዛ የመጀመሪያውን ኤንዛይም ራሱ ያግደዋል።

አባል 1፦ በጾም ግን ይጎድላል፤ ያለው እንቁላልና ጉበት ውስጥ ነው።
አባል 2፦ ምስርና እንጉዳይስ? አያቶቻችን ዕድሜያቸውን ሙሉ ጾመው የለም እንዴ!
አባል 1፦ እኔ የማወራው ስለ ቫይታሚን ነው፣ ስለ ሃይማኖት አይደለም።

መልስ፦ ተዉት፣ ሁለታችሁም። ስሙ የወጣው «ከየአቅጣጫው» ከሚለው የግሪክ ቃል ነው፤ በብዙ ምግብ ውስጥ ይገኛል። በጾም የሚያሳስበኝ ቢ12 ነው፤ እሱን ሌላ ቀን።

ነርስ፦ የመጀመሪያው ኤንዛይም ቢበላሽስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን ስጠብቅ ነበር። ሰው ውስጥ ካይኔዙ (ባጭሩ ፓንክ) ብዙ ዓይነት ነው። ፓንክ2 የሚሠራው ሚቶኮንድሪያ (የሴሉ ጉልበት ማመንጫ) ውስጥ ነው፤ ጂኑ ሲበላሽ የሚመጣው በሽታ ምንጭ እ.ኤ.አ. በ2001 ታወቀ። ልጁ አረማመዱ ይበላሻል፣ ጡንቻው ይገታተራል፣ ንግግሩ ይጎተታል። አንጎሉ ውስጥ ግሎበስ ፓሊደስ በተባለው፣ እንቅስቃሴን በሚያግዘው ክፍል ላይ ብረት ይከማቻል፤ ኤምአርአይ ላይ በጥቁር መሀል ነጭ ነጥብ ይታያል፣ «የነብር ዓይን» ይሉታል። ቫይታሚኑን ግን ይበላል! የጎደለው ሠራተኛው እንጂ ጥሬ ዕቃው አይደለም። ፓንክ1ና ፓንክ3 ባይኖሩ ኖሮ ጉዳቱ በዚህ ባልቆመ ነበር።

ሌላ አባል፦ ለፀጉርስ ቢ5 ጥሩ ነው?

መልስ፦ ስለ ፀጉር አልመልስም። ክኒን ከመግዛታችሁ በፊት ከላይ ያለውን አንብቡ።

ተማሪ፦ ሲስቴይን ሲገባ ጉልበቱን የሚሰጠው ኤቲፒ ነው ወይስ የእሱ ዘመድ ሲቲፒ? ጓደኛዬ ተሳስተሃል አለኝ።

መልስ፦ በኢ. ኮላይ (ባክቴሪያ ነው) ሲቲፒ፣ በሰው ኤቲፒ። መጽሐፋችሁ ስለ የትኛው እንደሚያወራ ሳታዩ አትከራከሩ።