እድር ለቀብር ብቻ ነው? ስለ ሰፈር ስብሰባና ስለ መብት የቀረቡ ጥያቄዎች

ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ እድር ጸሐፊ ሆኜ ለብዙ ዓመታት አገልግያለሁ፤ የማኅበረሰብ ውይይት አወያይነትም ሠልጥኜ ሠርቻለሁ። ሰፈር ውስጥ ሰው ሰብስቦ ስለ መብት መነጋገር ስለሚቻልበት መንገድ የምትጠይቁት ካለ ላኩልኝ ብዬ ነበር፤ የመጣው ከጠበቅሁት በላይ ነው። ተመሳሳዮቹን አጣምሬያቸዋለሁ። የትኛውን ፓርቲ እንምረጥ ያላችሁኝን ግን አልፌአችኋለሁ፤ እሱን የሚነግራችሁ ሰው ሞልቷል።

እትዬ፣ እኔ እድር ሲባል የማውቀው ድንኳን፣ ወንበርና ንፍሮ ነው። ፍትሕ ምኑ ነው?

ድንኳኑ ከየት መጣ ብለህ ብትጠይቅ ትደርስበት ነበር። አዲስ አበባ ከየአገሩ በመጣ ሰው ስትሞላ፣ ዘመድ የሌለው ቀባሪ እንዳያጣ ጎረቤት ከጎረቤት፣ የአገር ልጅ ከአገር ልጅ ተሰባሰበ። መዋጮ የሚከፍል፣ ዳኛውን ራሱ የሚመርጥ፣ ደንብ ጽፎ ያጠፋውን የሚቀጣ ሰው ደግሞ በቀብር ብቻ አይወሰንም። በ1950ዎቹ የጉራጌ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው ወደ አገራቸው መንገድ ያስገቡት በዚሁ የመሰባሰብ ልማድ ነው። በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበርም ትምህርት ቤትና መንገድ ለማሠራት ተነሥቶ የኦሮሞ ሕዝብ የእኩልነት ጥያቄ የሚነሣበት መድረክ ሆነ። መንግሥት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያገደው መንገድ ስለ ሠራ አልነበረም።

ደርግ በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገበት አዋጅ ቁጥር 47 ቀበሌን አቋቋመ፤ የሰፈሩ ዳኝነትም የሰፈሩ ጉዳይም ወደ ቀበሌ ሄደ። ለእድር ቀብሩ ቀረለት። «እድር ለቀብር ነው» የሚለው አስተሳሰብ ሥር የሰደደው ያን ጊዜ ይመስለኛል። በ1990ዎቹ ኤችአይቪ ሰውን ሲጨርስ ደግሞ ነገሩ እንደገና ተገለበጠ። ሣምንት ሳይሞላ ጥሩንባ እየተነፋ የብዙ እድሮች ካዝና ተራቆተ። ሰው ከሞተ በኋላ ከመክፈል በሕይወት ሳለ መርዳት ይሻላል ያሉ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው በሽተኛ ማስታመም፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን መደገፍ ጀመሩ። በየስብሰባውም የማይነሣው ነገር ይነሣ ጀመር፦ ከባሏ ሞት በኋላ ከቤት የተባረረችው ሴት፣ ርስቱን አጎቱ የያዘበት ልጅ።

በሠፈራችን የሴት ልጅ ግርዛትም ያለ ዕድሜ ጋብቻም አለ። ሰው ሰብስበን ስናስተምር አዳምጦን፣ አጨብጭቦ ይሄድና እንደ ልማዱ ይኖራል። ምን እናድርግ? (ከደቡብ ኢትዮጵያ፣ የጤና ባለሙያ)

ማስተማሩን ለጊዜው ተዉት። ለዚህ ከከምባታ የተሻለ ምሳሌ ስለማላውቅ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

ነፍሳቸውን ይማርና ዶክተር ቦጋለች ገብሬ የተወለዱት ከምባታ ነው፤ እሳቸውም በልጅነታቸው የተገረዙ ናቸው። ውጭ አገር ተምረው ሲመለሱ ከእህታቸው ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1997 ኬኤምጂ የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። መጀመሪያ ሕዝቡ ፊት ቆመው ስለ ኤችአይቪና ስለ ሴቶች ጤና ሲናገሩ ሰው የመለሰላቸው ሌላ ነበር፦ ወንዙ ላይ ድልድይ የለንም፣ ልጆቻችን ትምህርት ቤት አይደርሱም፣ ገበያም መሻገር አልቻልንም። ድልድዩ ተሠራ። ስለ ግርዛት የሚሰማ ጆሮ የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ፕሮጀክት ይህችን ነገር ይዘላታል። ሰው የቸገረውን ሳትሰሙ እናንተ የቸገራችሁን ብትነግሩት ጨዋ ስለሆነ ያጨበጭብላችኋል፤ ሌላ ምን ያድርግ?

ቀጥሎ የመጣው የማኅበረሰብ ውይይት ነው። ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ ያገባችውም ያላገባችውም፣ የሃይማኖት አባቱም አብረው ተቀምጠው በየጊዜው እየተገናኙ ለወራት ይነጋገራሉ። አወያዩ አያስተምርም፤ ይጠይቃል። ይህ ልማድ ለምን መጣ? ማን ተጎዳ? በወሊድ የሞተችው የማን ልጅ ናት? ብዙ አባቶች በገዛ ቤታቸው የሚደረገውን ነገር በዝርዝር የሰሙት እዚያ ተቀምጠው ነው። ውይይቱ ሲበስል ሕዝቡ ራሱ ውሳኔ ያሳልፍና የእድሩ ደንብ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 አንዲት ያልተገረዘች ሙሽራ ሕዝብ በተሰበሰበበት በአደባባይ ተዳረች። ያ ሠርግ ከመቶ ስብከት በላይ ሠርቷል፤ የእናቶች ትልቁ ፍርሃት «ካልተገረዘች ማን ያገባታል» የሚል ነበርና። ዩኒሴፍ ያስጠናው ጥናት በአካባቢው ለግርዛት የነበረው ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1999 ከነበረበት 97 በመቶ በ2008 ከ5 በመቶ በታች መውረዱን አሳይቷል።

ሕጉንም እወቁት፤ ግን አትመኩበት። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 565 የሚያስቀጣው ከሦስት ወር በማያንስ ቀላል እሥራት ወይም ከ500 ብር በማያንስ መቀጮ ነው። አምስት መቶ ብር! ከእድር መሰረዝ፣ ለቅሶ ላይ ሰው ማጣት ግን ማንንም ያስፈራል። እናንተም አካባቢ የሚከበረው ደንብ የማን እንደሆነ ፈልጉና ከዚያ ጀምሩ።

ሴቶች ይመጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ አይናገሩም። ብንለምናቸውም እንቢ ይላሉ።

የስብሰባችሁን ሰዓት ንገሩኝና ምክንያቱን እነግራችኋለሁ። እሑድ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሆነ ሐሳባቸው ምድጃው ላይ ነው። ወንዱ ወንበር ላይ፣ ሴቷ ከኋላ አግዳሚ ላይ ከሆነች ደግሞ ተናገሪ ማለት ማላገጥ ነው። ክብ አድርጋችሁ ተቀመጡ። መጀመሪያ ሴቶቹን ለብቻ፣ ወንዶቹን ለብቻ አወያዩ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ወገን ያለውን አንድ ሰው ለሁሉም ያቅርብ። «ሴቶች እንዲህ አሉ» ሲባል የአንዲት ሴት ስም አይነሣም፤ ማታ ቤቷ ገብታ የምትጠየቅበትም ነገር የለም። የሴቶች እድር ካላችሁማ ሥራው ግማሹ አልቋል፤ እዚያ ሁሉም ይናገራል።

ሌላም አለ። መዝገባችሁን ክፈቱ። አባልነቱ በባል ስም ብቻ ተጽፎ ሚስት ስሟ የሚገባው መበለት ስትሆን ነው? ከሆነ ድምፅ የላትም፤ ድምፅ የሌላት ሰው ደግሞ ምን ብላ ትናገራለች? በእኛ እድር የባልና የሚስት ስም እኩል ይጻፍ የተባለ ዕለት የተነሣው ጭቅጭቅ በሕይወቴ ካየሁት ሁሉ የከፋ ነበር። አሁን ማንም አያስታውሰውም።

ሰልፍ ለመውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም? አንዱ አዎ ይላል፣ አንዱ አይደለም ይላል።

በሕጉ ፈቃድ የለም፣ ማሳወቅ ነው ያለው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 መሣሪያ ሳይዙ በሰላም የመሰብሰብና ሰልፍ የማድረግ መብትን ያረጋግጣል። ዝርዝሩ በአዋጅ ቁጥር 3/1983 ነው፦ አዘጋጁ ዓላማውን፣ ቦታውንና ሰዓቱን ጽፎ ከ48 ሰዓት በፊት ለአስተዳደሩ ያሳውቃል። አስተዳደሩ ጊዜው ወይም ቦታው ይለወጥ ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ በ12 ሰዓት ውስጥ መግለጽ አለበት፤ በየትም ቦታ በማንኛውም ጊዜ አይደረግም ማለት ግን አይችልም። በኤምባሲ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ፣ በሆስፒታልና በመሳሰሉት አካባቢ በ100 ሜትር፣ በጦር ሠፈር አካባቢ በ500 ሜትር ክልል ውስጥ ሰልፍ ክልክል ነው።

ቢሮ ስትሄዱ ግን «ፈቃድ አልተሰጣችሁም» የሚል ሰው ታገኛላችሁ። ስለዚህ ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዱ ላይ የደረሰበት ቀንና ሰዓት ተጽፎ፣ ማኅተም ተደርጎበት ይመለስላችሁ። ማኅተም አላደርግም ካሉ ሁለት ምስክር ፊት አስረክቡና ይህንኑ በቃለ ጉባኤ ጻፉ። አንድም ወጣት ወደ ሰልፍ ከመውጣቱ በፊት ደግሞ የአካባቢውን ሁኔታ ዐይታችሁ ወስኑ። አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ባለበት አካባቢ ይህ የነገርኳችሁ ሁሉ ሊታገድ ይችላል። የሌላ ሰው ልጅ ሕይወት ላይ ጀግና መሆን አይገባም።

እድራችንን ወደ ድርጅትነት ብንቀይረውስ? ከውጭ ገንዘብ የሚሰጠን አግኝተናል።

እድሩን አትንኩት። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርና ዕቁብን አይመለከትም፤ ይህም ለእናንተ መልካም ነው፣ ደንባችሁን ራሳችሁ ታወጣላችሁ። ገንዘቡን ከፈለጋችሁ ጎን ለጎን ሌላ ማኅበር አቋቁማችሁ አስመዝግቡ። የቀድሞው አዋጅ 621/2001 ስለ መብት የሚሠራ ድርጅት ከውጭ የሚያገኘው ከገቢው 10 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክል ነበር፤ ያ ገደብ ተነሥቷል። እኔን ግን ብትጠይቁኝ፣ ሰው ከኪሱ አንድ ብር ያላወጣበት ስብሰባ ሲጠራ ሰው የሚመጣው ለውሎ አበል ነው።

በልማት ምክንያት ከፒያሳ ተነሥተን ሦስት ቦታ ተበተንን። እድራችን ሊሞት ነው፤ መብታችንን የሚያስከብርልንም የለም። (ከአዲስ አበባ፣ የስድሳ ዓመት እናት)

እህቴ፣ ያንቺን ጥያቄ የላኩልኝ ብዙ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ ወዲህ አርባና ሃምሳ ዓመት አብሮ የኖረ ሰፈር በአጭር ጊዜ ሲበተን አይተናል። ቤት ተሰጥቷቸው ነው የሄዱት የሚል ሰው አለ፤ ለቅሶ ሲደርስ ማን ይቀመጣል ብለሽ ጠይቂው።

በመጀመሪያ ሰነድ። እያንዳንዱ አባወራና እማወራ ውሉን፣ ካርታውን፣ የኪራይ ደረሰኙን፣ የተነሣበትን ደብዳቤ ቅጂ አድርጎ አንድ ቦታ ያስቀምጥ። ባለ ይዞታ የነበራችሁና የቀበሌ ቤት ተከራይ የነበራችሁ ጉዳያችሁ ለየብቻ ስለሆነ ዝርዝሩን ለዩት። ለሕዝብ ጥቅም መሬት ስለሚለቀቅበት ሁኔታ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 አቤቱታ ሰሚ አካልና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ እንዲኖር፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት መሄድ እንዲቻል ይደነግጋል። የጊዜ ገደቡ አጭር ነውና ደብዳቤው በደረሳችሁ ሰሞን የሕግ ባለሙያ አማክሩ፤ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጡት ነፃ የሕግ ድጋፍ አለ። ሃምሳ ሰው ሃምሳ ማመልከቻ ከሚጽፍ፣ አቤቱታችሁ አንድ ዓይነት ከሆነ ተወካይ መርጣችሁ አንድ ላይ አቅርቡ።

እድሩን በተመለከተ፣ አታፍርሱት። በየደረሳችሁበት ቦታ አንድ አንድ ተጠሪ ምረጡ፤ መዋጮው በባንክ ይግባ፤ በጥሩንባው ፈንታ ስልክ ይደወል። ድንኳኑንና ዕቃውን ሰው ወደ በዛበት ቦታ አዛውሩት። ወርኃዊ ስብሰባችሁን በየተራ እየተዘዋወራችሁ አድርጉ፤ የሩቁ ሰው ሁልጊዜ የሚደክም ከሆነ በዓመቱ ይቀራል። በአዲሱ ሠፈርም ሌላ እድር ግቢ። ሁለት እድር ይከብዳል፣ አውቃለሁ፤ ግን አዲሱ ጎረቤትሽ ነው ሌሊት በር የሚከፍትልሽ።

ከእስራኤል ነው የምጽፈው። ሰልፍ እንወጣለን፣ ጎማ ይቃጠላል፣ ጋዜጣ ይጽፍልናል፣ ከዚያ ዝም። ትርጉሙ ምንድን ነው?

እዚያ ስላልኖርኩ ከሩቅ የማየውን ብቻ ልበል። እ.ኤ.አ. በጥር 1996 ቤተ እስራኤላውያን የለገሱት ደም ሳይነገራቸው ይደፋ እንደነበር ሲታወቅ በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት የወጣው ሰው በሺዎች የሚቆጠር ነበር፤ አጣሪ ኮሚሽን የተቋቋመው በዚያ ግፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ ወታደር በፖሊስ ሲደበደብ የሚያሳየው ቪዲዮ ከወጣ በኋላም ሰልፉ በፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር የሚመራ ኮሚቴ አስገኝቷል፤ ኮሚቴውም በዓመቱ በዘረኝነት ላይ ምክረ ሐሳቦቹን አቅርቧል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ በሃይፋ አንድ ወጣት በፖሊስ ጥይት ሲገደል መንገዱ እንደገና ተዘጋ።

ስለዚህ ሰልፉ ከንቱ ነው አትበል፤ ወረቀቱን አስገኝቷል። የቀረው ወረቀቱን ይዞ በየወሩ የሚጠይቅ ሰው ነው። በየከተማችሁ አሥር ሰው ይቀመጥ፤ ከምክረ ሐሳቦቹ ውስጥ በፖሊስ ጣቢያችሁና በልጆቻችሁ ትምህርት ቤት መፈጸም ያለበትን ለይታችሁ አውጡ፤ ኃላፊውን ቀጠሮ ይዛችሁ ጠይቁት፤ ያለውን ጻፉ፤ በሚቀጥለው ወር ተመለሱ። ቄሶቹንና ሽማግሌዎቹንም አትተዉ፤ ዕብራይስጥ የሚያውቀው ወጣት ይናገር፣ እነሱ አብረው ይቀመጡ።

ወጣቶች አይመጡም።

ሥራ ስጧቸው። ቃለ ጉባኤውን በኮምፒውተር ይጻፉ፣ ሒሳቡን ይመርምሩ። ምክር ለመስማት ብቻ የሚጠራ ወጣት ባይመጣ አልፈርድበትም።

ስብሰባችን ሁልጊዜ በንትርክ ያልቃል። አንድ ሰው ከያዘ አይለቅም።

አጀንዳው ከሦስት አይብለጥ። ሰብሳቢው ሐሳብ አይስጥ፤ ሐሳብ መስጠት ከፈለገ ወንበሩን ለሌላ ይልቀቅ። ለእያንዳንዱ ተናጋሪ ደቂቃ ወስኑና ሰዓት የሚይዝ ሰው መድቡ፤ ከሁሉም በዕድሜ የምታንሰው ብትሆን ጥሩ ነው፣ አዛውንት በልጅ ላይ መጮህ ያፍራል። ውሳኔው ከመበተናችሁ በፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ፦ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ። ይህ ካልተጻፈ በሚቀጥለው ስብሰባ የምትከራከሩት ባለፈው ምን እንደተባለ ነው። ስለ ገንዘብ የጠየቃችሁኝም መልሱ ከዚህ አይርቅም፦ ገንዘብ ያዥና ጸሐፊ የአንድ ቤት ሰው አይሁኑ፣ ደረሰኝ ያለው ወጪ ብቻ ይወራረድ፣ ሒሳቡ በየሦስት ወሩ ለሁሉም ይነበብ።

የወረዳው ሰው ስብሰባችን ላይ መጥቶ ተቀመጠ። ብናስወጣው ጠብ ነው፤ ብንተወው ሰው አይናገርም።

አታስወጡት። በእንግድነት ተቀብላችሁ ፊት አስቀምጡት፤ አጀንዳው ላይም ለእሱ የሚሆን ጥያቄ ጨምሩበት፦ ውኃው በሣምንት ስንት ቀን ነው የሚመጣው? የመንገድ መብራቱ መቼ ይሠራል? መልሱ በቃለ ጉባኤ ይጻፍና ይፈርምበት። የአባላት ጉዳይ ሲደርስ ሰብሳቢው አመስግኖ ያሰናብተው፤ ለዚህም በደንባችሁ ላይ «የአባላት ጉዳይ በአባላት ብቻ ይታያል» የሚል አንቀጽ ከአሁኑ አስገቡ። አንዳንዱ ፊርማ ሲጠየቅ ራሱ ሥራ አለብኝ ብሎ ይሄዳል።