የእናትህ ስልክ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ለምን ይጮኻል?

ይድረስ ጎጃም ላላችሁ፣ ከጎጃም ወጥታችሁም ቤተሰብ ለምትረዱ ልጆቼ።

ከአንድ ወር በፊት አንድ ወጣት እናቱን ይዞ እኔ ዘንድ መጣ። እሱ ባሕር ዳር ነው የሚሠራው፤ እናቱ የቢቸና ገጠር ሰው ናቸው። ሲኤምኤል የሚባለው የደም ካንሰር ተገኝቶባቸው ኢማቲኒብ የተባለውን ክኒን ከጀመሩ ሁለት ወር አልፏቸዋል። ልጁ ጨንቆታል። «መድኃኒቱ አልተስማማትም። ሙሉ ቀን ያቅለሸልሻታል። ልትተወው ነው» አለኝ።

መቼ እንደሚውጡት ጠየቅኋቸው። «እሱ ሲጮኽ ነዋ፣ ልጄ» አሉና ከመቀነታቸው ትንሿን ስልክ ፈትተው ሰጡኝ። አላርሙ 2:00 ላይ ተሞልቷል። ልጁ ጠዋት 2 ሰዓት ማለቱ ነበር። የስልኩ ሰዓት ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ስለዚህ በየሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይጮኻል። እናቲቱ በጨለማ ተነሥተው፣ በባዶ ሆዳቸው፣ በአንድ ጉንጭ ውሃ ክኒኑን ይውጡና ተመልሰው ይተኛሉ። ሐኪሙ ያዘዘው እንደዚያ መስሏቸው ነው። ሁለት ወር ሙሉ አንድም ሌሊት አላጓደሉም።

ኢማቲኒብ የሚዋጠው ምግብ ተበልቶ፣ በአንድ ትልቅ ብርጭቆ ውሃ ነው። በባዶ ሆድ ሲሆን ጨጓራን ያስቆጣል። ውጦ ወዲያው መተኛት ደግሞ ያባብሰዋል። እኒያን እናት ሲያቅለሸልሻቸው የከረመው ይኸው ነው።

ልጁን አልወቀስኩትም። እናቱን የሚወድ፣ ስልክ ገዝቶ አላርም የሞላላት ልጅ ነው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው። አንድ ቀን እንኳ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ስትውጥ አላያትም።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ በመጨረሻም ባሕር ዳር፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ በመድኃኒት መስኮት ቆሜአለሁ። ሥራ ስጀምር የካንሰር መድኃኒት በአብዛኛው በደም ሥር የሚንጠባጠብ ነበር። ታማሚው አልጋ ላይ ነው፤ ነርሷ አጠገቡ ናት። ዛሬ ብዙ የካንሰር መድኃኒት ክኒን ሆኖ ቤት ገብቷል። ቤት ውስጥ ነርስ የለችም። ያላችሁት እናንተ ናችሁ። ለዚህ ነው የምጽፍላችሁ።

መጀመሪያ ክኒኑ ምን እንደሚሠራ እወቁ። እ.ኤ.አ. በ1960 ፊላደልፊያ ውስጥ ሁለት ተመራማሪዎች በዚህ በሽታ በተያዙ ሰዎች የደም ሕዋስ ውስጥ አንድ ያጠረ ክሮሞዞም አዩ። በ1973 ጃኔት ራውሊ የተባለች ሐኪም 9ኛውና 22ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ እንደተለዋወጡ አሳየች። ከዚያ ቅይጥ የሚወጣው ፕሮቲን «ነጭ የደም ሕዋስ አምርት» እያለ ያለማቋረጥ ያዛል። ማቆሚያው የተበላሸ ወፍጮ አስቡ። እህል ኖረ አልኖረ ይዞራል። ኢማቲኒብ እዚያ ፕሮቲን ላይ ገብቶ ይሸጎርና ወፍጮውን ይይዘዋል። አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ2001 ነው። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱን በአግባቡ ከሚወስዱት ብዙዎቹ ከእኩዮቻቸው ጋር የተቀራረበ ዕድሜ ይኖራሉ። እኛ ዘንድ ለዓመታት ክኒኑን ፍለጋ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ድረስ በአውቶቡስ የተመላለሱ ሰዎች አውቃለሁ። የሚመላለሱት ውጤቱን ስላዩት ነው።

ወፍጮው ግን ተያዘ እንጂ አልተነቀለም። ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ክኒኑ በተጀመረ በጥቂት ወራት ያበጠው ጣፊያ ይሟሽሻል። ድካሙ ይለቃል። ሰውየው ሞፈሩን ይጨብጣል፤ ሴትዮዋ ገበያ ትወጣለች። «ድኛለሁ እኮ» ይላሉ። ብዙ ሰው ክኒኑን የሚተወው ታሞ ሳለ አይደለም፤ ሲሻለው ነው። ለዓመታት ጥሩ ውጤት አሳይተው በሐኪም ክትትል የሚያቆሙ ጥቂት ሰዎች አሉ። ያም ቢሆን በየጊዜው በሚደረግ የደም ምርመራ የሚወሰን ነው።

ለንደን ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ ጥናት አለ። የክኒኑ ዕቃ ክዳን በተከፈተ ቁጥር የሚመዘግብ መሣሪያ ተገጠመለትና ታማሚዎቹ በትክክል ስንት ቀን እንደወሰዱ ታየ። ከታዘዘላቸው ከአሥር እጅ አንዱንና ከዚያ በላይ ከሚያስቀሩት ሰዎች የአብዛኞቹ በሽታ የሚፈለገውን ያህል አልወረደም። ከአሥር አንድ ማለት በወር ሦስት ቀን ነው። አንድ ለቅሶ፣ አንድ ሠርግ፣ አንድ ገበያ።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። አንድ ገበሬ ነበሩ፤ በየወሩ እኔ መስኮት ይመጣሉ። በቀን 400 ሚሊ ግራም፣ አንድ ክኒን፣ ለወር 30። አንድ ወር ቆጠርኩና 11 ተርፎ አገኘሁ። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ እኔም ደክሞኛል። «ይህ መድኃኒት ስንት እንደሚያወጣ ያውቃሉ?» ብዬ ሰው ሁሉ እየሰማ ጮኽኩባቸው። አንገታቸውን ደፉ። በሚቀጥለው ወር ባዶ ዕቃ ይዘው መጡ። ከዚያም በሚቀጥለው። ደስ አለኝ። ሰው አስተማርኩ ብዬ።

በስድስተኛው ወር በደም ምርመራቸው በሽታው ወደ ላይ ወጣ። ሐኪሙ ግራ ገባው። ምሥጢሩን ያወጣችው ልጃቸው ናት። አባቷን አስከትላ መጥታ የጋቢያቸውን ጫፍ ፈታችና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈችው። ክኒን ነው። ቢጫ፣ አቧራ የለበሰ፣ አንዳንዱ ላብ ነክቶት የተላላጠ። እኔ ስቆጥር ልክ እንዲመጣልኝ የተረፈውን እዚያ ይቋጥሩት ነበር። ለምን እንደማይወስዱት ያን ጊዜ ጠየቅኋቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ሌሊት ባቴን ሸምቅቆ ይይዘኛል። ሲነጋ በሬ መከተል ያቅተኛል። የእርሻ ጊዜ ነው፤ ልጆች አሉኝ» አሉኝ። የባት መሸምቀቅ በዚህ ክኒን የታወቀ ነገር ነው። ሐኪም ሊያስታግሰው የሚችልባቸው መንገዶች አሉ። አንድ ጥያቄ በጊዜው ብጠይቅ ኖሮ ያ ቋጠሮ አይኖርም ነበር። በሽታው ተመልሶ እስኪወርድ ብዙ ወር ፈጀ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። እኔ ግን ሰው በሽታውን ብቻ ሳይሆን መድኃኒቱንም እንዲደብቅ አድርጌያለሁ። ስለዚህ ልጆቼ፣ እቤት «ዋጥህ? ዋጥሽ?» እያላችሁ አትቆጡ። «ምን አስቸገረሽ? ምን አስጠላህ?» በሉ። ከእናንተ መካከል ጤና የምትማሩ ደግሞ፣ ቆጥራችሁ ትርፍ ስታገኙ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ።

ስለ ጾም ሳላነሣ ባልፍ ጎጃም ውስጥ እንዳልሠራሁ ይቆጠራል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ፍልሰታ አለ፣ ነቢያት አለ፣ ረቡዕና ዓርብ አለ። እስከ 9 ሰዓት እህል ውሃ የማይቀምሱ እናቶች አሉን። አንዳንዷ ጾሙን ላለመግደፍ ክኒኑን ትዘላለች፤ አንዳንዷ ንጋት ላይ በባዶ ሆድ ትውጣለች። ሁለቱም አይሆንም። ኢማቲኒብ ሽሮም ሆነ ዶሮ አይመርጥም። የሚፈልገው ባዶ ያልሆነ ሆድ ነው። ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ የመዋጫውን ሰዓት ከ9 ሰዓት በኋላ ወዳለው ምግብ ማዞር ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ በዚያው ሰዓት። ደብረ ማርቆስ ሳለሁ አንዲት እናት ምክሬን አልቀበል ብለው የንስሐ አባታቸውን ይዘው መጡ። ቄሱ ካዳመጡኝ በኋላ «ልጄ፣ የታመመ ሰው ጾም እንደ አቅሙ ነው» አሏቸውና ነገሩ በአምስት ደቂቃ አለቀ። ካህናቱን ቀድማችሁ አማክሯቸው። ጸበልም እንዲሁ ነው። እናታችሁ ጸበል ልትሄድ ስትነሣ ክኒኗን አብራችሁ ቋጥሩላት፤ የምትበላውንም ስንቅ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህን ያልኩት ስለ ኢማቲኒብ ነው። ከዚያው ወገን የሆነው ኒሎቲኒብ ተቃራኒው ነው፤ ከመዋጡ 2 ሰዓት በፊትና ከተዋጠ በኋላ 1 ሰዓት ምግብ አይበላም። ምግብ የመድኃኒቱን መጠን በደም ውስጥ ከፍ አድርጎ ልብን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ የጎረቤትን ልምድ ይዛችሁ አትሂዱ። የዕቃውን ስም አንብቡ፤ የራሳችሁን ፋርማሲስት ጠይቁ።

ቀጥሎ የሚያስፈራኝ ሌላ መድኃኒት ነው። ኢማቲኒብን ጉበት ውስጥ የሚፈጭ ኤንዛይም አለ። አንዳንድ መድኃኒት ይህን ኤንዛይም ያጣድፈዋል፤ አንዳንዱ ያስተኛዋል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ኢማቲኒብን በደም ውስጥ ከአራት እጅ ሦስቱን ያህል ያሳጣዋል። ታማሚው ክኒኑን እየዋጠ እንዳልዋጠ ይሆናል። የፈንገስ መድኃኒቱ ኬቶኮናዞል በተቃራኒው ከፍ ያደርገዋል። ግሬፕፍሩት የሚባለው ፍሬም እንደዚሁ ስለሚያደርግ ይቅር። በቆላው በኩል ወባ ሲነሣ ደግሞ ሰው ጤና ጣቢያ ሮጦ ኮአርተም ይዞ ይመለሳል። ወባ መታከም አለበት፤ ነገር ግን ለጤና ባለሙያው «እናቴ የካንሰር ክኒን ትወስዳለች» ብሎ ስሙን መናገር የእናንተ ፋንታ ነው። የክኒኑን ማሸጊያ ፎቶ አንሥታችሁ ስልካችሁ ላይ አኑሩ። ስሙ ቢጠፋባችሁ ፎቶው ይናገራል።

ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የተባሉትን የሕመም ማስታገሻዎች ከሱቅ ገዝታችሁ አትስጡ። የካንሰሩ ክኒን ፕላትሌትን፣ ማለትም ደም የሚያረጋውን ሕዋስ፣ ሊያወርድ ስለሚችል እነዚህ ሲጨመሩበት መድማት ሊመጣ ይችላል። ፓራሲታሞልም ቢሆን አዘውትሮ ከመውሰድ በፊት ይጠየቅ። ስለ ባህል መድኃኒት ደግሞ አልዋሻችሁም፤ ብዙው ከዚህ ክኒን ጋር ምን እንደሚያደርግ አልተጠናም። አያቴ ቅጠል ቀጥቅጣ ያሳደገችኝ ሰው ነኝ፤ ንቀት የለኝም። ግን ጠጥታችሁ ከሆነ ለሐኪሙ ተናገሩ። እንደማይቆጣችሁ ቃል ልገባላችሁ አልችልም፤ ቢቆጣም ተናገሩ።

የዓይን ቆብ ያብጣል። ይህ የተለመደ ነው፤ ጠዋት ይብሳል። ጎረቤት «ስታለቅሺ ነው ያደርሽው?» ይላል፤ እናንተ አስረዱ። ግን እግር ካበጠ፣ ክብደት በጥቂት ቀን ውስጥ ከጨመረ፣ ትንፋሽ ካጠረ ውሃ እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላልና ቀጠሮ አትጠብቁ። ትኩሳት፣ የማይቆም ደም፣ ጥቁር ሰገራ፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ ውሃ የሚቋጥር ሽፍታ፣ ኃይለኛ የሆድ ሕመም ሲታይ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት።

ክኒን ከተረሳ፣ ባስታወሱበት ሰዓት ምግብ በልቶ መዋጥ ይቻላል። የነገው ሰዓት ከተቃረበ ግን የዛሬው ይለፍ። ለማካካስ ሁለት መዋጥ ፈጽሞ አይሆንም። መዋጥ ያቃተው ሰው 400 ሚሊ ግራሙን በ200 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ በጥብጦ ወዲያው ሊጠጣው ይችላል። የምትበጠብጠው ሴት ነፍሰ ጡር መሆን የለባትም። መድኃኒቱን የምትወስድ ወጣት ሴትም እርግዝናን መከላከል አለባት። ልጅ ከፈለገች ከማርገዟ በፊት ከሐኪሟ ጋር ትምከር። ይህን ሳያነሡ የሚያልፉ ባለሙያዎች አሉ፤ እናንተ አፍራችሁ አትለፉት።

ዕቃው ምድጃ አጠገብ አይቀመጥ፤ ልጅ የማይደርስበት ደረቅ ቦታ ይሁን። የተረፈውን ወደ ፋርማሲ መልሱት እንጂ ለሌላ ታማሚ አትስጡ።

ስለ መንገድም ላንሣ። እኛ አካባቢ መንገድ ሲዘጋ አይታችኋል። ክኒን ሲያልቅ ሳይሆን ሁለት ሳምንት ሲቀረው መነሣት ልመዱ። ርቀታችሁንና ችግራችሁን ለሐኪሙ አስረዱ፤ ከተቻለ የሁለት ወይም የሦስት ወር ይጻፍላችሁ። በቀን ሙሉ መጠን የሚወሰደውን ለማብቃቃት ቀን እየዘለሉ መውሰድ ያንን የጋቢ ቋጠሮ ነው የሚያመጣው።

ያ የቢቸናው ልጅ ትናንት ደወለልኝ። ቅዳሜና እሑድ ገጠር ሄዶ ከእናቱ ጋር አደረ። አላርሙን ወደ 8:00 አዞረው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሲጮኽ እናቱ ቁርሳቸውን ጨርሰው ጠበቁት። ብርጭቆውን ሞልቶ ሰጣቸው፤ እስኪጨርሱ አጠገባቸው ተቀመጠ። ማቅለሽለሹ ቀንሷል። አንድ ደብተር ገዝቶ የሚያስቸግራቸውን ሁሉ እየጠየቀ ጽፏል፤ የባት መሸምቀቅ ጀምሯቸው ኖሮ ለማንም አልተናገሩም። የሦስተኛ ወር የደም ምርመራቸው ማክሰኞ ነው። አብሯቸው ይገባል። ደብተሩን እንዳይረሳ ነግሬዋለሁ።