ሦስት ጊዜ የተደፈነው ጉድጓድ ለምን ይመለሳል?

አንድ አንባቢ ከትንሽ ከተማ ጽፎልኛል። የሰፈሩ የመንገድ ጥገና ኮሚቴ አባል ነው። ትምህርት ቤት አጠገብ፣ መንገዱ ሊታጠፍ ሲል፣ አንድ ጉድጓድ አለ። ሦስት ጊዜ ደፍነውታል። መጀመሪያ በአፈርና በጠጠር፣ ቀጥሎ በከረጢት በሚሸጠው ቀዝቃዛ አስፋልት፣ በመጨረሻ በሲሚንቶ። ዝናብ በመጣ ቁጥር ይከፈታል። መኪኖች እሱን ሲሸሹ ወደ ተቃራኒው መስመር ይገባሉ፣ አንድ ሞተር ሳይክል ነጂም ወድቆበታል። "ዝናቡ ካቆመ ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላም ከስንጥቁ ቡናማ ውሃ ይወጣል፣ መኪና ሲያልፍበት ይረጫል። አሁን ወፍራም ኮንክሪት እናፍስበት ወይስ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ እንሥራ?" ይላል።

ወንድሜ፣ ለጊዜው ሁለቱንም ተዉት። ቀልቤን የያዘችው ያቺ ቡናማ ውሃ ናት። የዝናብ ውሃ ብቻ ቢሆን ኖሮ ፀሐይ በወጣ ማግሥት ይደርቅ ነበር። በላክኸው ፎቶ ላይ ደግሞ መንገዱን አቋርጦ የሚያልፍ፣ ረገብ ያለ መስመር ይታያል። ጉድጓዱ ያለው ልክ እዚያ መስመር ላይ ነው። እኔ የምጠረጥረው ይህን ነው፦ ከሥሩ የውሃ ቧንቧ የተቀበረበት አሮጌ ቦይ አለ፣ ቦዩ ሲመለስ በደንብ አልተጠቀጠቀም፣ ቧንቧውም ከመገጣጠሚያው ላይ ያንጠባጥባል። እንግዲህ ከላይ የፈለጋችሁትን ብታፈሱ ከታች የሚሠራው ውሃ ነው።

ሥራ ሳትጀምሩ ግን አንድ ነገር። መንገድ ላይ ስትወጡ፣ ለመለካት ብቻ ቢሆንም፣ አንድ ሰው ባንዲራ ይዞ መኪና ብቻ ይጠብቅ። አካፋ አይያዝ፣ ስልክ አይያዝ፣ አይቆፍር። ሥራው መኪና ማየት ብቻ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ውስጥ ወደ 14 ሜትር ይጓዛል። ነጂው አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ ድረስ እናንተ ጋ ሊደርስ ይችላል። እናንተ ደግሞ ያላችሁት ከመታጠፊያ አጠገብ ነው።

ጥርጣሬዬን ማረጋገጥ ቀላል ነው። ዝናብ በሌለበት ሰሞን ጎሕ ሲቀድ ሄዳችሁ እዩት። ሌሊት ሰው ውሃ ስለማይጠቀም በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፣ ስለዚህ ቧንቧ የሚያፈስ ከሆነ ጠዋት በማለዳ ነው ርጥበቱ ሰፍቶ የሚታየው። በአቅራቢያው የቧንቧ መዝጊያ ካለ ቀጭን የብረት ዘንግ አንዱን ጫፍ እሱ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ጆሮህ ሥር አድርገህ አዳምጥ። ውሃ ሲያፈስ የማያቋርጥ የሹሹታ ድምፅ ይሰማል። ከዚያ በረገበው መስመር ላይ ሲባጎ ወጥራችሁ ከመሃል ምን ያህል እንደ ወረደ ለኩ፣ ከጉድጓዱ ራቅ ባለ ቦታ ላይም እንደዚሁ። መስመሩ በሙሉ ወርዶ ከሆነ ጥፋቱ የቦዩ ነው ማለት ነው። ውሃው የሚሸት ከሆነ የፍሳሽ መስመር ነው፣ እሱን በእጃችሁ አትንኩት። በበጋ ጭራሽ ደርቆ ዝናብ ሲመጣ ብቻ የሚረጥብ ከሆነ ደግሞ እኔ ተሳስቻለሁ፣ ወደ ዳር ቦዩ ሂዱ። ተደፍኖ ይሆናል። ወይም መንገዱ ወደ ዳር ያለው ተዳፋት ጠፍቷል። ሦስት ሜትር በሚሰፋ መስመር ላይ ዳሩ ከመንገዱ መሃል ወደ ሰባት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት፣ ያለዚያ ውሃው ይተኛበታል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ይህ ነገር ያልገባው ሰው ዕድሜ ልኩን ያንኑ ጉድጓድ ሲደፍን ይኖራል። ብዙ ሰው መኪናውን የሚሸከመው አስፋልቱ ይመስለዋል። በሰፈር መንገድ ላይ ግን አስፋልቱ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ክብደቱን የሚሸከመው ከሥሩ የተጠቀጠቀው ጠጠርና ከጠጠሩ ሥር ያለው አፈር ነው። አስፋልቱ የጎማውን መፋቅ ይቋቋማል፣ ውሃም ወደ ታች እንዳይገባ ይከድናል። ጠጠሩ ጥንካሬ የሚያገኘው ደግሞ ድንጋዩ ከድንጋዩ ጋር ተነካክቶና ተቆላልፎ ስለሚቆም ነው፣ በመካከሉ ያለውን ክፍተት ደቃቁ አፈር ይሞላዋል። ደረቅ እስከሆነ ድረስ ይህ ሁሉ አይነቃነቅም። አሁን ውሃ አስገባበት። ውሃ አይታመቅም። ጎማ ከላይ ሲጫነው መሄጃ ይፈልጋል፣ ድንጋዮቹን ገፍቶ ያላቅቃል፣ በስንጥቁ በኩል ተፈናጥሮ ይወጣል። ሲወጣ ታዲያ ባዶውን አይወጣም፣ ደቃቁን አፈር ይዞ ነው የሚወጣው። ውሃ የገባበት ቀዳዳ ጫማ አድርገህ ስትራመድ ጭቃው በቀዳዳው ፊጭ እንደሚለው ነው። ጎማው ሲያልፍ አስፋልቱ መለስ ይላል፣ ውሃ እንደገና ይገባል፣ የሚቀጥለው መኪና እንደገና ይጫነዋል። በየዙሩ ትንሽ ትንሽ አፈር ይወጣል። ከታች ባዶ ቦታ ይፈጠራል። አስፋልቱ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀርና መጀመሪያ በትንንሹ ይሰነጣጠቃል፣ ከዚያ አንድ ቀን ይሰምጣል። ስለዚህ ያ ቡናማ ውሃ የመንገዳችሁ መሠረት ነው፣ እየታጠበ የሚወጣው።

ከባድ መኪና ሲሆን ደግሞ ሌላ ነው። ከ1958 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ፣ ኢሊኖይ ግዛት፣ መንገድ ሠርተው የተለያየ ክብደት ያላቸውን መኪኖች ቀን ከሌት እያመላለሱ ትልቅ ሙከራ አድርገው ነበር። ያኔ የወጣው ስሌት፣ በአንድ አክስል (የግራና የቀኝ ጎማዎችን በሚያገናኘው ዘንግ) ላይ ያለው ክብደት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ ገደማ ይሆናል ይላል። ሰው "ቀን ሙሉ ታክሲ ነው የሚመላለስበት" ብሎ ይነግረኛል። አንድ አሸዋ የጫነ መኪና ያደረሰውን ግን አያስበውም። ሥሩ ርጥብ በሆነ መንገድ ላይ ከሆነማ የባሰ ነው።

አሁን ስለ ቀድሞዎቹ ጥገናዎች ልናገር፣ ምክንያቱም ያናድዳል። አፈር መጨመር ጭቃ መጨመር ነው። ሲሚንቶውም ቢሆን ያው ነው። ኮንክሪት የተነደፈበትን ሙሉ ጥንካሬ ለማግኘት 28 ቀን ይፈልጋል፣ እናንተ ግን በማግሥቱ መኪና ለቀቃችሁበት። ቢጠነክርም እንኳ ድርቅ ያለ ነገር ነው፣ አስፋልቱ ደግሞ ይተጣጠፋል። በሁለቱ መካከል ክፍተት ይፈጠራል፣ ውሃ በዚያ ይገባል፣ ከሥሩ ታጥቦ ሲያልቅ ኮንክሪቱ እንዳለ ይወዛወዛል። አሁን ወፍራም ብታደርጉት የሚወዛወዘው ድንጋይ ይከብዳል እንጂ ሌላ የሚለወጥ ነገር የለም። ከረጢቱ አስፋልት ደግሞ ለጊዜው ክፉ አይደለም፣ ግን ርካሹን ገዝታችሁ ከሆነ ድንጋዩ ክብ የወንዝ ጠጠር ይሆናል። ክብ ጠጠር አይቆላለፍም። ሬንጁንም በናፍጣ የሚያቀጥኑት አሉ። ናፍጣ ቶሎ አይተንም፣ ስለዚህ ጥገናው ፀሐይ ባየ ቁጥር እየለሰለሰ በጎማ ይነሳል። የተሰባበረ ድንጋይ ያለበትን፣ ከረጢቱ ያልተቀደደውን ግዙ። ተጋግሮ የደረቀ ከሆነ መልሱት።

ዋናው ሥራ ከቧንቧው ይጀምራል። የውሃ አገልግሎቱን ጠርታችሁ ቧንቧውን ያስተካክሉት። ኮሚቴው ራሱ አይቆፍረው፣ ከሥር የኤሌክትሪክ ገመድ ሊኖር ይችላል፣ የቦዩ ግድግዳም ጥልቅ ሲሆን ሰው ላይ ይናዳል። የእናንተ ድርሻ መቆጣጠር ነው። መገጣጠሚያውን በአዲስ ይቀይሩት። በብስክሌት የውስጥ ጎማ ጠቅልለው፣ በሽቦ አስረው አፈር ሊመልሱበት ሲሉ ዝም ብላችሁ እንዳታዩአቸው። ይህን ዓይነት ሥራ ብዙ ቆፍሬ አውጥቻለሁ፣ ሁልጊዜም ከአንድ ክረምት አያልፍም። ከመቀበሩ በፊት ውሃው ተለቆ፣ መገጣጠሚያው ደረቅ መሆኑን በእጃችሁ ንኩት።

አፈሩ ሲመለስ ጭቃ የሆነው በሙሉ ይውጣና ይጣል። በጥሩ ጠጠራማ አፈር ይተካ፣ በ15 ሴንቲ ሜትር ንብርብር እየተደረገ እያንዳንዱ ለብቻው ይጠቅጠቅ። መጠቅጠቂያ ማሽን ብትዋሱ ለዚህ ይበቃል። ብዙዎቹ አንድ ሜትሩን በአንዴ ሞልተው ከላይ ከላይ ያስኬዱበታል፣ ከዚያ በሚቀጥለው ዓመት መስመሩ ይረግባል። የእናንተም የረገበው እንዲሁ ነው። ርጥበቱን በእጅ ለኩ። አፈሩን ጨብጠህ ስትለቀው ቅርጹን ይዞ ከቆመና ስትጫነው ለሁለት ከተሰበረ ልክ ነው። መዳፍህን ውሃ ካራሰው ይደር፣ ከተበተነ ውሃ ይረጭበት። ከላይ 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር የተፈጨ ጠጠር ይግባ፣ እሱም በሁለት ንብርብር። ተረከዝህን ስትመታበት ምልክት ካልተወ ተጠቅጥቋል።

ከዚያ አስፋልቱ። ስንጥቁ ካለቀበት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አልፋችሁ፣ ጤነኛው አስፋልት ላይ በቀጥታ መስመር ቁረጡት። አራት ማዕዘን ይሁን፣ ግድግዳው ቀጥ ብሎ ይቁም። ክብ ጉድጓድ እንዳለ ሞልቶ መሄድ ነው ጥገናውን ከዳር የሚያስነሳው። አቧራውን ጠርጋችሁ አውጡ። ወለሉንና ግድግዳውን በስሱ ማያያዣ ሬንጅ ቀቡት። በውሃ የተበጠበጠው ዓይነት ከሆነ ሲቀባ ቡናማ ነው፣ ወደ ጥቁር እስኪለወጥ ጠብቁ። ሰው አይታገሥም፣ ቡናማው ላይ ያፈሳል፣ ከዚያ አልያዘልኝም ይላል። ትኩስ አስፋልት ካገኛችሁ ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሳይወርድ ጠቅጥቃችሁ ጨርሱ፣ ከዚያ በኋላ ማሽኑን ብታስኬዱ ዋጋ የለውም። ለአምስት ሴንቲ ሜትር ከስድስት ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ አፍስሱ፣ ሲጠቀጠቅ ይወርዳል። መጀመሪያ ዳር ዳሩን፣ ከዚያ ወደ መሃል። ሲያልቅ ከነባሩ አስፋልት ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ቢል ደግ ነው፣ መኪና ያስተካክለዋል። ዝቅ ካለ ግን ውሃ ይይዛል። ዙሪያውን በሬንጅ ዝጉት። ትኩሱ ከሌለ ጥሩውን ከረጢት አስፋልት በሁለት ንብርብር ተጠቀሙ፣ ሥሩ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ይቆያል።

ይህ ሁሉ ሲሠራ ባንዲራ ያዡ ከቦታው አይነሣ። ሻይ ሊጠጣ ከሄደ ሥራው ይቁም። የመጀመሪያው ምልክት ከመታጠፊያው በፊት ይቀመጥ፣ ነጂው ወደ እናንተ ሳይታጠፍ በፊት እንዲያየው። ኮኖቹን በአግድም አንድ ላይ አትደርድሯቸው፣ ከዳር ጀምራችሁ ቀስ በቀስ ወደ መሃል እያስገባችሁ አሰልፏቸው፣ መኪናው ቀስ ብሎ እንዲወጣ። ርካሹ ኮን ቀላል ነው፣ ከባድ መኪና ሲያልፍ ነፋሱ ይጥለዋል፣ አንጸባራቂ ቀለበትም የለውም። ታቹ ከባድ ጎማ የሆነውን ፈልጉ ወይም አሸዋ የሞላ ከረጢት ጣሉበት። የተከፈተ ጉድጓድ በምንም ምክንያት አያድር። ሥራው ካላለቀ በጠጠር ሞልታችሁ፣ ጠቅጥቃችሁ፣ ከመንገዱ ጋር አስተካክላችሁ ሂዱ።

እስከዚያ ድረስ ዛሬ ማድረግ የምትችሉት አለ። ጉድጓዱን በተፈጨ ጠጠር ሙሉትና ጠቅጥቁት፣ ከየዝናቡ በኋላም ጨምሩበት። ድንጋይ ወይም የዛፍ ቅርንጫፍ የተከለበት ከሆነ አንሱት። ለማስጠንቀቂያ ብለው የሚተክሉት ነገር በጨለማ ራሱ አደጋ ነው፣ ሞተር ነጂውን ከጉድጓዱ የባሰ ይጥለዋል። ማንጸባረቂያ የለጠፋችሁበትን ምልክት ከዳር አቁሙ። ልጆች ከትምህርት ቤት በሚወጡበት ሰዓት ባንዲራ የያዘ ሰው እዚያ ቢቆም ደግሞ ወደ ተቃራኒው መስመር የሚገቡትን መኪኖች መቆጣጠር ይቻላል።

ስለ ጉብታው ልመለስ። አሁን ብትሠሩት መኪናው እዚያ ላይ ፍሬን ይይዛል፣ ይዘልላል፣ ሲያርፍ ደግሞ የሚያርፈው ሥሩ በታጠበው መንገድ ላይ ነው። ጉብታው ራሱ ውሃ ያግዳል። መጀመሪያ ሥሩ ይድረቅ። ከዚያ በኋላ ግን ትምህርት ቤት ስላለ ሐሳቡ ጥሩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እግረኛ በሚበዛበት የከተማ መንገድ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትርን ነው የሚመክረው። እኔ የምመርጠው አናቱ ሜዳ የሆነ፣ የእግረኛ መሻገሪያ የተቀባበት ሰፊ ጉብታ ነው። ከመታጠፊያው ወዲያው በኋላ አይሁን፣ ነጂው ሳያየው ይደርስበታል። በሁለቱም ዳር ለውሃ መውጫ ተዉለት። ማዘጋጃ ቤቱን ሳታስፈቅዱ አትጀምሩት፣ ምልክቱንና ቀለሙን እነሱ ናቸው የሚያደርጉት።

ቦዩ ሲከፈት የግድግዳውን ፎቶ ላክልኝ፣ ቀለሙ የሚለያይበትን ቦታ በደንብ አሳይተህ። ከጥገናው በኋላ በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ማግሥት ያንኑ ሲባጎ ወጥረህ ለካ። አንድ ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከወረደ ሌላ የሚያፈስ መገጣጠሚያ አለ ማለት ነው፣ ወደ ሽቅቡ በኩል ፈልጉት። ስትለካም ባንዲራ ያዡ ከጎንህ ይኑር።